«ይሄ ለመታወቂያ ነው?» አሉኝ፦ የልብስ ሰፊ ፎቶ፣ መኪና ግርግር፣ ሐረር

ልጅ ከአራተኛ | ቅዳሜ ማታ 2:15

ሰላም ጀማው። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ሐረር ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ያገለገለ ካሜራ ገዛሁ። 85 ሚሊሜትር ሌንስ አብሮት ነበር። ከሌንሷ ጋር ፍቅር ያዘኝ። ቀዳዳዋን በሰፊው ከፍቼ፣ ኤፍ 1.8 ላይ አድርጌ ፊት ላይ ካነጣጠርኩ ከኋላ ያለው ሁሉ ጉም ይሆናል። ከዚያ ወዲህ የማነሳው ፊት ብቻ ነው።

መኪና ግርግርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የምትወስደው ጠባብ መንገድ ናት። ስሟ የመጣው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። እዚያ በራቸው ላይ ተቀምጠው የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሐጂ ነው የምንላቸው። አባቴ ሱሪውን የሚያሳጥረው እሳቸው ጋ ነበር። ሦስት ቀን እየሄድኩ ሻይ ጠጣን፣ አወራን፣ ከዚያ ፈቀዱልኝና አነሳኋቸው። ግንባራቸው ላይ ያለው መስመር፣ አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የወረደው መነጽር፣ ነጭ ጢም። ቤት ገብቼ ሳየው ኮራሁ። ከመለጠፌ በፊት ግን አሳጥቤ ወሰድኩላቸው።

ሐጂ ተቀብለው ራቅ አድርገው አዩት። ቀረብ አድርገው አዩት። ገልብጠው ጀርባውንም አዩት። ከዚያ «ይሄ ለመታወቂያ ነው?» አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ፣ እሳቸው አልሳቁም። «መኪናዬስ?» አሉ። «እሷ እኮ እኔ ጋ የመጣችው ከሚስቴ በፊት ነው።»

እውነታቸውን ነው። ያነሳሁት ትልቅ ጉርድ ፎቶ ነው። ሰውዬው ልብስ ሰፊ ይሁኑ የባንክ ጡረተኛ፣ ሐረር ይሁኑ ጅማ፣ ከፎቶው ማንም አያውቅም። ስለዚህ ድጋሚ ላነሳቸው ነው። ግን ሰፊ ሌንስ ተውሼ ስሞክር ሁሉም ነገር ይገባና ፎቶው የሱቅ ማስታወቂያ ይመስላል፣ ሐጂ ይጠፋሉ። ምን ላስገባ፣ ምን ልተው? ብርሃኑም አስቸግሮኛል። ውስጡ ጨለማ፣ መንገዱ ብርሃን ነው። ሌላው ጥያቄ ትንሽ ያሳፍራል። ከሰዓት ከሄድኩ አጠገባቸው ጫት አለ። ፎቶው ውስጥ ይግባ ወይስ ላስወጣው?

የከዚራ ጥላ | ቅዳሜ ማታ 2:50

አቦ መጀመሪያ ሌንሷን አትስደባት! እኔ ድሬ ላይ ሰርግ ነው የማነሳው። የቤት ኪራይ የሚከፍልልኝ ያ ጉም ነው። ሙሽራዋ «ከኋላ ያለው ይጥፋልኝ» ነው የምትለኝ። የአጎቷ ሲኖትራክ ከኋላ ቆሞ ምን ላድርግ ታዲያ?

ያንተ ነገር ግን ሌላ ነው። 35 ሚሊሜትር አካባቢ ተጠቀም። የካሜራህ ሴንሰር ትንሹ ዓይነት ከሆነ 24 ላይ ያው ነው። አብሮ የሚመጣው 18–55 ሌንስ ይበቃሃል፣ አትዋስ። ኤፍ 5.6 ላይ አድርግ። ፊታቸው ጥርት ይላል፣ መኪናዋና ግድግዳው ትንሽ ለስለስ ይላሉ እንጂ አይጠፉም። ሲበዛ ሰፊ ሌንስ ይዘህ ደግሞ ፊታቸውን ጠርዝ ላይ እንዳታደርገው። ይለጠጣል። አንድ ጊዜ የሙሽራ እናት ጠርዝ ላይ አስቀምጬ ግንባሯ ሐብሐብ አክሎ ወጣ። እስካሁን ሰላም አትለኝም።

ሱቅ የመሰለብህ ቆመህ ስላነሳህ ይመስለኛል። ሰውዬው ቁጭ ብለው ሲሰፉ አንተ ከላይ ካየሃቸው የምታየው ኮፍያና ጨርቅ ነው። በርጩማ ለምንና ተቀመጥ። ዓይንህ ከዓይናቸው እኩል ይሁን። መኪናዋ ወደ አንተ ትቅረብ፣ እሳቸው ከኋላዋ ይሁኑ። ከዚያ አንድ እርምጃ ቅረብ። ከዚያ አሁንም አንድ እርምጃ።

ብርሃንን በተመለከተ፣ እነዚያ በር ላይ የሚሰፉት ሰዎች ከእኔና ካንተ በላይ ብርሃን ያውቃሉ። መርፌ ውስጥ ክር የሚያስገቡት በዚያ ብርሃን ነው። ከተቀመጡበት አታንቀሳቅሳቸው። ፀሐይዋ ማዶ ያለውን ግድግዳ የምትመታበትን ሰዓት ጠብቅ፣ ግድግዳው ብርሃኑን ወደ ፊታቸው ይመልስልሃል። ግን የግድግዳውን ቀለም እይ። ጁገል ውስጥ አረንጓዴና ሰማያዊ ግድግዳ ሞልቷል። አረንጓዴ ግድግዳ ሰውን የታመመ ያስመስላል። ነጩ ደግሞ ካሜራህን ያታልላል። ብዙ ነጭ ሲያይ ራሱ ያጨልመዋል፣ የኛ ሰው ፊት ከሰል ይሆናል። የብርሃን ልኬቱን ከፊታቸው ላይ ውሰድ። ግድግዳው ቢነጣም ይንጣ።

ደቻቱ ማዶ | ቅዳሜ ማታ 3:05

እኔ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ይቅርብኝ ወይስ ይሆናል? ታይዋን ሰፈር ጫማ የሚያድሱ ሰውዬ አሉ፣ ባነሳቸው ደስ ይለኝ ነበር።

የከዚራ ጥላ | ቅዳሜ ማታ 3:12

ይሆናል እንጂ! 0.5 የምትለዋን አትንካት፣ እሷ ናት የምትለጥጠው። 1 ላይ አድርገህ በእግርህ ቅረብ። ፊታቸው ላይ ጣትህን ጫን አድርገህ ያዝ፣ ልኬቱ ይቆለፋል። ብርሃኑን ከፍ ዝቅ ማድረጊያዋ አጠገቡ ትመጣለች። ሌንሱን በቲሸርትህ ጥረገው፣ ይሄ ድሬ ነው፣ አቧራው አይጠገብም። የቀትር ፀሐይ ላይ ደግሞ አትድከም፣ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ጥቁርና ነጭ | እሑድ ጠዋት 1:30

ምን ልተው ላልከው እኔ ተማሪዎቼን የማሠራው ቀላል ነገር አለ። ፎቶውን አሳጥብና አውራ ጣትህን ፊቱ ላይ ጫን። የቀረው ነገር የማን ቦታ እንደሆነ ይናገራል? ከዚያ ተቃራኒውን አድርግ፣ ዙሪያውን በወረቀት ሸፍነህ ሰውየውን ብቻ ተወው። እጁ፣ ትከሻው፣ አቀማመጡ ምን ሲሠራ የኖረ ሰው እንደሆነ ይናገራል? ሁለቱም ዝም ካሉ ድጋሚ ሂድ።

ሰውየው ፍሬሙን መሙላት አለበት ያለው ማነው? አርኖልድ ኒውማን የሚባል አሜሪካዊ ነበር፣ ሰውን በሥራ ቦታው በማንሳት የታወቀ። የሙዚቃ ደራሲውን ስትራቪንስኪን በ1946 እ.ኤ.አ. ሲያነሳ አብዛኛውን ፍሬም የያዘው የትልቁ ፒያኖ ክዳን ነው። ጥቁር፣ የሙዚቃ ኖታ ምልክት የሚመስል ቅርጽ። ሰውየው ጥግ ላይ ትንሽዬ ሆኖ ራሱን በእጁ ደግፏል። ማንም ግን «ሰውየው የት አለ?» አይልም። ክዳኑ ወደ እሱ ነው የሚወስድህ።

ያንተ ሰውዬ መኪናም ክንድ የመሰለ ቅርጽ አላት። አንገቷ ወደ ሰውየው ታመላክት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሸሚዝ ሁሉ መግባት የለበትም።

የጌይ ልጅ | እሑድ ረፋድ 4:20

ብዙም አልጽፍም፣ ይሄ ግን አናገረኝ።

አያቴ የምትኖረው ጁገል ውስጥ፣ ጥንታዊ የሐረሪ ቤት ውስጥ ነው። የዛሬ ስንት ዓመት አንድ ፎቶ አንሺ መጣ። ትሁት ሰው ነው፣ አልዋሽም። ጫማውን አወለቀ፣ ሰላም አለ፣ ቡና ጠጣ። ከዚያ ሥራ ጀመረ።

ቤታችንን ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዋናው ክፍል ጊዲር ጋር ይባላል። ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች አሉት፣ ነደባ ነው የምንላቸው። ሁሉም ስም አላቸው፣ ሰውም እንዳገኘ አይቀመጥባቸውም። አሚር ነደባ የቤቱ ታላቅና የክቡር እንግዳ ነው። ገብቲ ኤሄር ነደባ ደግሞ ከበሩ ኋላ ያለው ነው። ቤቱ ብርሃን የሚያገኘው በዋናነት ከበሩ ነው። ሰውየው አየ አየና አያቴን «እማማ፣ እዚህ ይምጡ፣ ብርሃኑ እዚህ ነው የሚያምረው» ብሎ ከበሩ ኋላ አስቀመጣት።

አያቴ ተቀመጠች። እንግዳ ነዋ፣ እንዴት እምቢ ትበል።

ፎቶው ቆንጆ ነው። የፊቷ ግማሽ በብርሃን፣ ግማሹ በጥላ፣ ከኋላዋ የሣር ስፌቶቹ ግድግዳውን ሞልተውታል። ቤቱን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ግን አያቴ በገዛ ቤቷ ልመና የመጣች ትመስላለች። አክስቴ እስከ ዛሬ ያንን ፎቶ ገልብጣ ነው የምታስቀምጠው።

ገና አለ። ለውበት ብሎ የተጠቀለለ ምንጣፍ አንስቶ ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ፣ ቀይ ስለሆነ። እኛ ጋ ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ማለት «ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለችን» ማለት ነው። ፎቶው ወጣ። ዘመድ ይደውላል፣ «ማን ልትዳር ነው?» ቤት ውስጥ የነበረችው አክስቴ ናት፣ የሰባት ልጆች እናት።

ግድግዳው ላይ ካሉት ስፌቶች ውስጥ ደግሞ አያቴ ልጅ ሆና በእጇ የሰፋችው አንድ ነው። የቀረው የስጦታና የውርስ ነው። እሱን ጠይቋት ቢሆን ታሳየው ነበር። አልጠየቃትም። ለእሱ ሁሉም «ከኋላ ያለው» ነበር።

የከዚራ ጥላ | እሑድ ረፋድ 4:45

እህቴ፣ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፣ አክስትሽን ይቅርታ በይልኝ።

ግን ልከራከርሽ። ታዲያ ሰውን ጭራሽ አናንቀሳቅስ ነው? አሚር ነደባው ላይ ጨለማ ከሆነስ? ፍላሽ ብተኩስ ያ ቤት ሆስፒታል ይመስላል። እኔ ብሆን እኔም በር ጋ ነበር የማስቀምጣት። እውነቴን ነው።

የጌይ ልጅ | እሑድ ረፋድ 5:10

አንቀሳቅስ፣ ማን ከለከለህ። ግን ከማንቀሳቀስህ በፊት «እዚህ ማን ነው የሚቀመጠው?» ብለህ ጠይቅ። ሦስት ሰከንድ ነው። በሩን ወለል አድርገህ ክፈት፣ ነጭ ነጠላ ዘርጋና ብርሃኑን ወደ እሷ መልስ። አይኤስኦውን፣ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት፣ ጨምር። ትንሽ አሸዋ አሸዋ ቢል ምን ይሆናል? አያቴ አሸዋውን አታይም፣ የተቀመጠችበትን ግን ታያለች።

የከዚራ ጥላ | እሑድ ረፋድ 5:14

ነጠላዋን ወድጃታለሁ። እሰርቃታለሁ።

ሸማንደፈር | እሑድ ከሰዓት 9:30

አባቴ የድሬ ሰው ነው። ዕድሜውን የጨረሰው የባቡር ጥገናው ውስጥ ቶርኖ፣ ብረት መቅረጫው ማሽን፣ ላይ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ነው ከተማችን የተቆረቆረችው። እሱ ሲያወራ ግን ራሱ ያነጠፈው ይመስላል። «784 ኪሎሜትር» ይላል የሐዲዱን ርዝመት፣ ለምን እንደሚለው ሳይገባን። ስለ እግር ኳስ ብታወሩም 784 ይገባበታል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ላነሳው ፈለግኩ። መጀመሪያ ሳሎን ሶፋ ላይ አነሳሁት። ፍርድ ቤት የቀረበ ምስክር መሰለ። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ያነሳል፣ ያጣምራል።

ከዚያ ፈቃድ ለምነን የድሮው ጥገና ይዤው ሄድኩ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል፣ ድሬ ብረት ሳያግል። የዓርብ ልብሱን ለብሶ ነበር። ቶርኖው አጠገብ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው እጅጌውን ጠቀለለ። እጁን እጀታው ላይ አሳረፈ። ትከሻው ሲወርድ አየሁት። ያቺን ነው ያነሳኋት። ሁለተኛ ማንሳት አላስፈለገኝም፣ ለነገሩ ሃምሳ አንስቻለሁ፣ ጥሩዋ የመጀመሪያዋ ናት።

«ፈገግ በል እንጂ አባዬ» ስለው «ማሽን አጠገብ አይሳቅም፣ ጣት ይሄዳል» አለኝ። እናቴ ግን ሶፋው ላይ ያለውን ነው ክፈፍ ውስጥ ያስገባችው። ንጹሕ ስለሆነ ነው የምትለው።

አስጎብኚው | እሑድ ማታ 1:40

የሁላችሁንም ወድጄዋለሁ። እኔ ደግሞ ከካሜራው ማዶ ያለውን ላንሳ። በቀን በቀን ካሜራ የያዘ ሰው ጁገል አስገባለሁ። ልጆቹ «ፋራንጆ! ፋራንጆ!» እያሉ ይከተሉናል። የሸዋ በር ነጋዴ ሴቶች ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን በሻሽ ይሸፍናሉ ወይም እጃቸውን ለብር ይዘረጋሉ። ሰው «ገንዘብ ለመዱ» እያለ ያማቸዋል። እኔ አልፈርድባቸውም። ስንቱ አንስቷቸው ሄዷል? አንድም ፎቶ ተመልሶ አልመጣላቸውም።

ለእንግዶቼ የምላቸው፣ በፎቶ ዋጋ አትደራደሩ፣ የምትሸጠውን ግዙ። ቲማቲሙን ግዙ። ነገ ተመልሳችሁ ግዙ። በሦስተኛው ቀን ራሷ «ዛሬ አታነሳኝም?» ትላለች። ሁለት ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ይሄን ስነግረው ፊቱ ይጠቁራል፣ ምን ላድርገው።

ራምቦ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሕንፃውን የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው፣ ስሙን ግን ፈረንሳዊው ወሰደው። አርተር ራምቦ ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ እዚህ ሐረር ሲነግድ ካሜራ ከአገሩ አስመጥቶ ነበር። በ1883 እ.ኤ.አ. ራሱን አንስቶ ለቤተሰቦቹ ላከላቸው። አንዱ ሰገነት ላይ ቆሞ፣ አንዱ ቡና ተክል ውስጥ፣ አንዱ ሙዝ መሀል እጁን አጣምሮ። ሁሉም ነጣ ብለዋል፣ ያጠበበት ውሃ መጥፎ ስለነበር እንደሆነ ራሱ በደብዳቤው ጽፏል። ፊቱን መለየት ያስቸግራል። ግን ቡናው አለ፣ ሙዙ አለ። እናቱ ከፊቱ ይልቅ የት እንዳለ ነው ያየችው እላለሁ።

ደቻቱ ማዶ | እሑድ ማታ 2:00

የሐረር ውሃ ያኔም እንደዚያ ነበር ማለት ነው? 😂

አንቀጽ በአንቀጽ | እሑድ ማታ 2:25

ስሜን አይታችሁ ጥርሳችሁን አትንከሱብኝ። አጭር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛት ወይም መሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ላይ ልዩ ሁኔታዎች አሉ። የታወቀ ሰው፣ ባለሥልጣን፣ የፍትሕና የፖሊስ ጉዳይ፣ ለትምህርት ወይም ለባህል ጥቅም፣ በአደባባይ የተደረገ ነገር። ብዙ ፎቶ አንሺ 28ን ይዞ ይሮጣል። ቤት ውስጥ የተቀመጠች አያት ግን አደባባይ አይደለችም።

ስለዚህ ሁለት ፈቃድ ጠይቅ። አንዱ ለማንሳት፣ አንዱ ለመለጠፍ። ሐጂ «አንሳ» ስላሉህ «ዓለም ይየኝ» ማለታቸው አይደለም። ስልክህን አውጥተህ እንዲህ ባለ ቦታ ነው የሚወጣው ብለህ አሳያቸው።

ልጅ ከአራተኛ | እሑድ ማታ 3:00

እግዚኦ! ሁለት ቀን ሳይሞላ ይሄ ሁሉ። አመሰግናለሁ። ስለ ጫቱ ግን ማንም አልመለሰልኝም፣ ሁላችሁም ዘላችሁታል 😄

የከዚራ ጥላ | እሑድ ማታ 3:08

እኔ አውጣው ባይ ነኝ። ጫት ከገባ ሰው ሌላ ነገር አያይም። የሰውዬው ሃምሳ ዓመት ሙያ ቀርቶ አስተያየት መስጫው ሁሉ ስለ በርጫ ይሆናል።

ሸማንደፈር | እሑድ ማታ 3:15

እኔ ደግሞ ካወጣኸው ውሸት ነው ባይ ነኝ። የምሥራቅ ሰው ከሰዓት በኋላ ያለ ጫት? ሁሉንም ካጸዳህ የእናቴን ሶፋ ነው የምታመጣው።

የጌይ ልጅ | እሑድ ማታ 3:22

ሁለታችሁም ስለ ሰውየው ትወስናላችሁ። ጠይቃቸው። ደግሞ አንድ ሌላ ነገር ጠይቅልኝ። «ከዚህ ቤት ውስጥ በምንም ዋጋ የማይሸጡት ምንድን ነው?» በላቸው። አያቴን እንዲህ የጠየቃት ቢኖር ስፌቷን ታሳየው ነበር።

ጥቁርና ነጭ | እሑድ ማታ 3:40

በአንድ ቀን እንዳትጨርሰው ብቻ። ጎርደን ፓርክስ በ1942 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ ኤላ ዋትሰን የምትባል የመንግሥት ቢሮ ጽዳት ሠራተኛ አነሳ። መጥረጊያና መወልወያ ይዛ ባንዲራ ፊት ቆማ። የታወቀችው ያቺ ናት። እሱ ግን በዚያ አላቆመም። ቤቷ ሄደ፣ ከምታሳድጋቸው ልጆች ጋር አነሳት፣ ቤተ ክርስቲያኗ ሄደ። ሌሎቹን ስታይ ያቺ አንዷ ፎቶ ራሷ ትለወጥብሃለች። ሐጂም ስፌት ብቻ አይደሉም፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ሱቁን ሲቆልፉም አንድ ሰው ናቸው።

ልጅ ከአራተኛ | ሐሙስ ማታ 2:30

ተመለስኩ። ሁለት ጠዋትና አንድ ከሰዓት ሄጃለሁ።

መጀመሪያ ቀን ካሜራውን ሲያዩ «ቆይ ኮቴን ልልበስ» አሉ። ልከለክል ነበር፣ ከዚያ ተውኩት። ለበሱ። ጥቁር ኮት፣ ራሳቸው የሰፉት፣ ደረቱ ላይ አንድ ክር ያልተነቀለ። አነሳሁላቸው። ያ የእሳቸው ፎቶ ነው፣ የትም አልለጥፈውም። ከዚያ ኮቱን ሰቅለው ሥራ ጀመሩ፣ እኔም ጀመርኩ።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። 24 ላይ፣ ኤፍ 5.6። ጠዋት 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይዋ ማዶ ያለው ነጭ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ብርሃኑ ከታች ወደ ፊታቸው መጣ። የከዚራ ጥላ፣ ይመችህ። የሻተሩን ፍጥነት ወደ 1/30 ሰከንድ ሳወርደው ፊታቸው ረግቶ እጃቸውና መዘውሩ ተንቀሳቅሰው ወጡ። በድንገት ነው ያገኘሁት፣ እንዳቀድኩት አድርጌ ላወራ ነበር።

የጌይ ልጅ፣ ጥያቄሽን ጠየቅኳቸው። መኪናዋን ይሉኛል ብዬ ነበር። «መኪና ይገዛል» አሉ። ተነሱና ከኋላቸው የተሰቀሉትን ልብሶች ገለጥ አደረጉ። ግድግዳው ላይ፣ ልብሶቹ ሁልጊዜ በሚሸፍኑት ቦታ፣ በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ነው። ስም፣ ወገብ፣ ርዝመት። ስም፣ ወገብ፣ ርዝመት። ከወለል እስከ ትከሻ። ደብተር ስለሚጠፋ ነው አሉ። ቀለም እንዳይቀቡት ነው ለዓመታት ልብስ የሚሰቅሉበት። ግማሾቹ ሰዎች ሞተዋል። አባቴን ፈልጌ አገኘሁት፣ ወገብ 84 ይላል። አሁን ቢለኩት መቶ ያልፋል፣ ነግሬው ተቆጥቷል።

እና ፎቶው ያ ነው። ልብሶቹን እሳቸው ራሳቸው ወደ አንድ ጎን ሰበሰቧቸው። እኔ አላንቀሳቀስኩም፣ ይመዝገብልኝ። መኪናዋ ከፊት፣ ሐጂ ከኋላዋ ጎንበስ ብለው፣ ከሳቸው ኋላ ቁጥሮቹ። ከሩቅ ሲታይ ቆሻሻ ግድግዳ ይመስላል። ቀረብ ሲባል ይነበባል። ስሞቹ ግልጽ እንዳይነበቡ ትንሽ አደብዝዤ ነው የምለጥፈው፣ አንቀጽ በአንቀጽ ሳይመጣብኝ።

የጫቱን ነገር ጠየቅኩ። ሐጂ ዞር ብለው አዩት። «ጫቱን ተወው» አሉ፣ «ያንን ሃይላንድ አንሳልኝ፣ ያስጠላል።» የፕላስቲክ ጠርሙሱን አነሳሁ። ጫቱ አለ፣ ጥግ ላይ፣ ጨርቅ ውስጥ ተጠቅልሎ ሁለት ቅጠል ብቅ ብሏል። ካልፈለጋችሁት አታዩትም።

ትንሽ አሳጥቤ አሳየኋቸው። መጀመሪያ ያዩት መኪናዋን ነው። ከዚያ ግድግዳውን። ከዚያ «እኔ አርጅቻለሁ» አሉና የጎረቤታቸውን ሰፊ ጠሩት። እሱ ደግሞ አይቶ «የኔስ መቼ ነው?»

አንድ ችግር ቀርቷል። 20 በ30 አሳጥቤ ልሰጣቸው እፈልጋለሁ። ያሳጠብኩት ግን ጠቁሮ፣ ቆዳቸውም ቢጫ ሆኖ ወጣ። ስክሪኔ ላይ ደህና ነው።

የጌይ ልጅ | ሐሙስ ማታ 2:41

ሐጂን ሰላም በልልኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ብትነግራቸው የአጎቴም ወገብ እዚያ ግድግዳ ላይ ሳይኖር አይቀርም።

የከዚራ ጥላ | ሐሙስ ማታ 2:55

የስክሪንህ ብርሃን በዝቶ ነው። ግማሽ አድርገውና እንደገና አርመው፣ ከዚያ አንድ ትንሽ አሳጥበህ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ውስጥ ሆነህ እየው። ቢጫውን ደግሞ ከነጩ ግድግዳ ተነስተህ አስተካክል። ካልሆነልህ ማክሰኞ ድሬ ውረድና ፋይሉን ይዘህልኝ ና። ማክሰኞ ሙሽራ የለብኝም።